የግል አርታኢነትን ለመጀመር፦ ከናሙና ገጽ እስከ መጨረሻው ክፍያ

በአማርኛ መጻሕፍት ገበያ ብዙ ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው በራሱ ገንዘብ ነው። የወረቀቱን ወጪ ያስባል፣ የማተሚያ ቤቱን ያስባል፣ የሽፋኑን ያስባል፤ አርትዖት የሚታወሰው ብዙውን ጊዜ ኪሱ ከሳሳ በኋላ ነው። ያን ጊዜ 300 ገጽ ረቂቅ ይዞ ይመጣና «እስቲ ፊደሏን እያት» ይላል። አንዱ እንዲህ ሲል ነጠላ ሰረዝ ይስተካከልልኝ ማለቱ ነው፤ ሌላው ምዕራፉ ፈርሶ ይሠራልኝ ማለቱ ነው። ጀማሪ አርታኢ የሚጎዳው አማርኛ አንሶት ሳይሆን ይህን ሳይለይ «እሺ» ስላለ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሰዋስው ይልቅ በስምምነት ላይ ጠበቅ ቢል አይግረማችሁ። የተጻፈው በአማርኛ ረቂቆች ላይ በግላቸው ለመሥራት ለሚያስቡ መምህራን፣ ጋዜጠኞች፣ ተርጓሚዎችና እንዲያው ንባብ ለሚወዱ ሰዎች ነው።

1. የምትሸጡትን ሥራ ለዩ

አርትዖት በአንድ ስም የሚጠሩ አራት ሥራዎች ናቸው። የመዋቅር አርትዖት የመጽሐፉን አካል ይመለከታል፦ ታሪኩ የት ይጀምር፣ የትኛው ምዕራፍ ይቅደም፣ ምን ይውጣ፣ ምን ይጎድላል። የቋንቋ አርትዖት ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር እየሄደ የተንዛዛውን ያሳጥራል፣ የተጣመመውን ያቃናል። እርማት የፊደል ግድፈትን፣ ሥርዓተ ነጥብንና ወጥነትን ይጠብቃል። ፕሩፍ ማየት ደግሞ ገጹ ተቀናብሮ ካለቀ በኋላ፣ ወደ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት የሚደረግ የመጨረሻ ንባብ ነው።

ጀማሪ ከእርማትና ከፕሩፍ ቢነሳ ይሻለዋል። ውጤቱ በቀላሉ ይታያል፤ ከደራሲው ጋርም ብዙ አያጨቃጭቅም። የመዋቅር አርትዖት ብዙ መጽሐፍ ከሠራችሁ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ለአንድ ሰው የ5 ዓመት ድካሙን «ሁለተኛው ምዕራፍ ይውጣ» ለማለት መታመን ያስፈልጋል። ከየት እንደመጣችሁም አስቡበት። ከአማርኛ መምህርነት የሚመጣ ሰው ሰዋስው ያውቃል፣ እጁ ግን ይከብዳል፤ ሁሉንም ዐረፍተ ነገር እንደ ተማሪ ድርሰት ያርማል። ጋዜጠኛ ፈጣን ነው፤ የሰውን ትዝታ ሳይቀር ወደ ዜና ይቀይረዋል።

2. መሣሪያችሁን አዘጋጁ

ሁለት መዝገበ ቃላት ከእጃችሁ አይለዩ፦ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላትና በ1993 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ያወጣው። ሁለቱ በሁሉም ቃል አይስማሙም። ይህ ጉዳት የለውም፤ የትኛውን ስትከተሉ ለምን እንደተከተላችሁ መናገር ከቻላችሁ ይበቃል።

በኮምፒውተሩ በኩል ዋናው ጉዳይ የፊደሉ ዓይነት ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩት የፊደል ዓይነቶች የተጻፉ ረቂቆች ዛሬም ከየመሳቢያው ይወጣሉ፤ ያ የፊደል ዓይነት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ነገር ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ፋይል ሲመጣ አንድም ቃል ሳትነኩ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ አስቀይሩት። ከዚያም ከመጀመሪያው ወረቀት ጋር አስተያዩ፤ በቅየራ ጊዜ ቁጥሮች፣ የትምህርተ ጥቅስ ምልክቶችና እንደ ቋ፣ ኳ፣ ጓ ያሉት ፊደላት መጀመሪያ ይጎዳሉ። ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ራሱን የቻለ ዋጋ አለው።

በማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ለውጥን የሚመዘግበውን ትራክ ቼንጅስ የተባለውን መሣሪያ እስኪሰለቻችሁ ተለማመዱ። ደራሲው የነካችሁትን ሁሉ ማየትና መመለስ መቻል አለበት። ደራሲው በወረቀት ካልሆነ የማይሆንለት አዛውንት ከሆነ ሰፊ ኅዳግ ትታችሁ አትሙና በእርሳስ ሥሩ፤ በቀይ እስክሪብቶ አይሁን። ቀይ ቀለም ሰውን ወደ ፈተና ወረቀቱ ይመልሰዋል።

3. የአጻጻፍ ደንብ ወረቀት አውጡ

አርታኢን ከጥሩ አንባቢ የሚለየው ይህ ወረቀት ነው። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ገጽ አዘጋጁና ውሳኔያችሁን ሁሉ እዚያ ላይ አስፍሩ፦ ሥራ ነው ወይስ ስራ፤ ዓመት ወይስ አመት፤ ኃይል ወይስ ሃይል፤ ጸሐፊ ወይስ ፀሐፊ፤ ኢየሩሳሌም ወይስ እየሩሳሌም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በሚባሉት ላይ የሥርወ ቃሉን መንገድ መከተል ይቻላል፤ በየድምፁ አንድ ፊደል መርጦ በዚያው መጽናትም ይቻላል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሁለተኛውን የመረጠ ደራሲ ግን መብቱ ነው፤ የማይፈቀደው በገጽ 12 «ዓለም» በገጽ 13 «አለም» ማለት ነው።

ሥርዓተ ነጥቡንም እዚያው ወስኑ። ብዙ ረቂቅ ላይ አራት ነጥብ ሆኖ የሚታየው ሁለት ጊዜ የተመታ ሁለት ነጥብ ነው፦ በ። ፈንታ ፡፡ ማለት ነው። ለዐይን ተመሳሳይ ይመስላል፤ ገጽ አቀናባሪው ጋ ሲደርስ ግን ከመካከሉ ይሰነጠቅና አንዱ ሁለት ነጥብ በመስመር መጨረሻ፣ አንዱ በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ሊያርፍ ይችላል። በወርዱ ፈልጎ መተኪያ (ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ) ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለውጡት፤ ከአራት ነጥብ በፊት የተተዉትን ክፍት ቦታዎችም እግረ መንገዳችሁን አጥፉ።

ፈልጎ መተኪያውን ግን በቃላት ላይ ስትጠቀሙ ዐይናችሁን አትንቀሉ። «ስራ»ን በሙሉ «ሥራ» አድርግ ብላችሁ ብታዝዙት «አስራ ሁለት» ወደ «አሥራ ሁለት» ተለውጦ ሳታስቡት ይቃናላችኋል፤ «እስራኤል» ግን «እሥራኤል» ሆና፣ «እስራት»ም «እሥራት» ሆኖ ታገኟቸዋላችሁ። አንድ በአንድ እያያችሁ ፍቀዱ።

ወረቀቱ ላይ ከሚሰፍሩት ሌሎች ነገሮች መካከል የሰዎች ስም አጻጻፍ፣ ቁጥር በአኃዝ ወይስ በፊደል የሚለው፣ የዘመን አቆጣጠሩና የአክብሮት አጠራሩ ይገኙበታል። ወደ መጨረሻዎቹ ሁለት በክፍል 9 እመለሳለሁ።

4. ሥራ ከመፈለጋችሁ በፊት የሚታይ ነገር ይኑራችሁ

«ልምድ አለህ ወይ?» ሲባል የሚታይ ነገር ያስፈልጋል። የሰፈራችሁን እድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መጽሔት፣ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ልዩ እትም አንሥታችሁ በነፃ ሥሩ። የእድር ደንብ በተለይ ጥሩ ማሠልጠኛ ነው፤ አንድ አሻሚ ዐረፍተ ነገር በቀብር ማግሥት ሰው ያጣላልና ትክክለኛ ቃል መምረጥ ግዴታ ይሆንባችኋል። ሙሉ መጽሐፍ ግን በነፃ አትሥሩ። ነፃ የተሠራ መጽሐፍ የሚቀጥለውን ደንበኛ ይዞ ሲመጣ ዋጋውንም ይዞት ይመጣል።

ከሠራችሁት ላይ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ አንድ ገጽ «በፊት» አንድ ገጽ «በኋላ» አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከረጅም የሥራ ታሪክ ይልቅ ይህ ያሳምናል።

5. ደራሲዎች ያሉበት ድረሱ

ረቂቅ ወደ መጽሐፍ ሲሄድ የሚያልፍባቸው በሮች አሉ። አንዱ ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ የጡረተኞች ግለ ታሪክ በእጅ ጽሑፍ መጥቶ የሚተየበው በየዩኒቨርሲቲው በር ባሉት የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ነው። ሁለተኛው ገጽ አቀናባሪው ነው። ስሕተት የሞላበት ረቂቅ ሲመጣለት እሱም ይሰቃያል፤ ደራሲው በየቀኑ እየደወለ «ይቺን ቃል ቀይርልኝ» ይለዋልና አስቀድሞ የታረመ ረቂቅ የሚያመጣለትን አርታኢ ይወዳል። ሦስተኛው የማተሚያ ቤት ዋጋ አቅራቢ ነው። ስልካችሁን እነዚህ ዘንድ ተዉ። የመጽሐፍ ምረቃ ላይ መገኘትም ይጠቅማል፤ ከመድረኩ ይልቅ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የራሱን ረቂቅ የሚያስብ ሰው አይጠፋም።

ከመጽሐፍ ውጭም ሥራ አለ፦ የመሥሪያ ቤቶች ዓመታዊ መጽሔት፣ የግብረ ሰናይ ድርጅቶች ማሠልጠኛ ጽሑፍ፣ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የጤና ትምህርት። በውጭ አገር ያሉ አንባቢዎችም ይህን ልብ ይበሉ፤ ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የትርጉም ድርጅቶች ከተርጓሚው ሌላ ሁለተኛ አንባቢ ይፈልጋሉ። ሥራው ከመጽሐፍ የተለየ ነው፤ ከምንጩ ጋር እያስተያዩ ማጣራት እንጂ ማሳመር አይደለም፤ ክፍያውም በቃል ወይም በሰዓት ይታሰባል።

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያመጣ ተማሪም ይመጣል። ቋንቋውን ማረም ይቻላል፤ ሐሳቡን መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያንን የሚጠይቅ ሲመጣ አሰናብቱት።

6. ናሙና ሥሩ

«እሠራዋለሁ» ከማለታችሁ በፊት ከረቂቁ መካከል 10 ገጽ ጠይቁ። ከመጀመሪያው አይሁን፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሁሉም ሰው ደጋግሞ አሽቶታል፤ ድካም የሚታየው ከመሐል ነው። ናሙናው ሁለት ነገር ይነግራችኋል፦ ረቂቁ ምን ዓይነት አርትዖት እንደሚያስፈልገውና ስንት ሰዓት እንደሚወስድ።

አንድ ለምሳሌ ያዘጋጀሁት ዐረፍተ ነገር ላሳያችሁ። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦

«በወቅቱ የነበረው ሁኔታ እጅግ በጣም አስከፊ የነበረ ሲሆን ይህንንም ሁኔታ ተከትሎ አባቴ ቤተሰቦቹን በመያዝ ወደ አዲስ አበባ ከተማ ለመምጣት ውሳኔ ያስተላለፈበት አጋጣሚ ተፈጥሯል፡፡»

እርማት ብቻ የተስማማ አርታኢ «እጅግ በጣም»ን ወደ አንዱ ይመልሳል፣ አራት ነጥቡን ያስተካክላል፣ ያልፋል። የቋንቋ አርትዖት የተስማማ ግን እንዲህ ያደርገዋል፦

«ጊዜው እጅግ ክፉ ስለነበር አባቴ ቤተሰቡን ይዞ አዲስ አበባ ለመግባት ወሰነ።»

«ውሳኔ ማስተላለፍ» ከስብሰባ ቃለ ጉባኤ የመጣ አነጋገር ነው፤ አባት የቦርድ ሰብሳቢ አይደለም። ሥራው ግን እዚህ አላለቀም፤ በኅዳጉ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፦ «ጊዜውን ክፉ ያደረገው ድርቁ ነው ወይስ ጦርነቱ? ባለፈው ገጽ ሁለቱም ተነሥተዋል፤ ቢገልጹልን።» መልሱን አርታኢው አያውቅም፤ ከራሱ ሊሞላም አይገባም።

ናሙናውን ለደራሲው ስትሰጡ ፊቱን አንብቡ። ዐረፍተ ነገሩ በማጠሩ ደስ ካለው አብራችሁ መሥራት ትችላላችሁ። «ይሄማ የኔ አይደለም» ካለ በእርማት ብቻ ተስማሙ፣ አለዚያም በሰላም ተለያዩ።

7. ዋጋውን ከናሙናው አስሉ

«በገጽ ስንት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ወዲያው አትመልሱ። ገጽ የሚባለው ነገር እንደ ፊደሉ መጠን ይለጠጣል፤ በትናንሽ ፊደል የታጨቀ 120 ገጽ ተስተካክሎ ሲጻፍ 200 ሊሆን ይችላል። አንድ ገጽ 250 ቃል ነው ብላችሁ ወስኑና ከቃላት ቆጣሪው ተነሡ።

ለምሳሌ የ10 ገጽ ናሙና 3 ሰዓት ከወሰደባችሁ 200 ገጽ 60 ሰዓት ይፈልጋል። ከዋናው ሥራ በፊትና በኋላ ለሚደረጉት ንባቦች 20 ሰዓት ጨምሩ፤ 80 ሆነ። አንድ ሰዓታችሁን ስንት ብር እንደምትተምኑት ታውቃላችሁ፤ በ80 አባዙት፣ ለ200 አካፍሉት፣ የገጹ ዋጋ ይኸው ነው። በዚሁ ሒሳብ የጊዜ ሰሌዳውም ይወጣል፦ ሌላ ሥራ ያለው ሰው በቀን 4 ሰዓት ቢሠራ 20 የሥራ ቀን ነው። ከ4 ወይም ከ5 ሰዓት በላይ በተከታታይ የሚያርም ሰው ከዚያ በኋላ የሚያልፈው ስሕተት ከሚያርመው ይበልጣል።

በኮምፒውተር ተተርጉሞ እንዳለ የሚመጣ ረቂቅ አሁን በዝቷል። ላይ ላዩን ጽዱ ይመስላል፤ ውስጡ ሲገባ እንደገና መጻፍ ነው። እንደ እርማት አትተምኑት።

8. በጽሑፍ ተስማሙ

ዘመድም ቢሆን፣ የክርስትና ልጅም ቢሆን አንድ ገጽ ውል ይኑር። ውሉ የትኛው የአርትዖት ዓይነት እንደሚሠራ፣ የቃሉን ብዛት፣ የንባቡን ዙር፣ የማስረከቢያውን ቀንና ክፍያውን ይናገር። ክፍያው በሦስት ቢከፈል ጥሩ ነው፦ ሥራው ሲጀመር ቀብድ፣ የመጀመሪያው ዙር ሲረከብ ሁለተኛው፣ የመጨረሻው ንጹሕ ፋይል ከመሰጠቱ በፊት ቀሪው። የመጨረሻውን ፋይል «ቀሪውን መጽሐፉ ሲሸጥ እከፍላለሁ» ለሚል አትስጡ፤ መጽሐፍ ወደ አከፋፋይ ሄዶ ገንዘቡ መቼ እንደሚመለስ ደራሲውም አያውቅም።

በመካከል የሚጨመር ምዕራፍ ለብቻው እንደሚታሰብም ጻፉ። ደራሲ አርትዖት ላይ ያለ መጽሐፍ ሲያይ አዲስ ትዝታ ይመጣበታል።

የመጨረሻው ቃል የደራሲው እንደሆነ በግልጽ ይስፈር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው የሥራው አመንጪ መሆኑ እንዲታወቅለትና ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይዛባበት መብት ይሰጠዋል። እናንተ ሐሳብ ታቀርባላችሁ፤ እሱ ይቀበላል ወይም ይጥላል። ስማችሁ በመጽሐፉ ላይ ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚለውም እዚሁ ቢወሰን ይሻላል፤ ደራሲው ምክራችሁን ሁሉ ጥሎ ስማችሁን ቢያወጣው የሚያፍረው እናንተ ናችሁና።

9. ሦስት ጊዜ አንብቡ

የመጀመሪያው ንባብ ያለ እስክሪብቶ ነው። ሁለተኛው ዋናው ሥራ ነው። ሦስተኛውን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ትንፋሽ የሚያሳጥር ዐረፍተ ነገር ለዐይን ተደብቆ ለጆሮ ይጋለጣል።

በሁለተኛው ንባብ በአማርኛ ረቂቅ ላይ ደጋግመው የሚመጡትን ጠብቁ። «ቃላቶች»፣ «መጻሕፍቶች»፣ «ካህናቶች» ሁለት ጊዜ የበዙ ናቸው። የአክብሮት አጠራር ይዋዥቃል፤ እናት በአንድ ገጽ «አለችኝ» በሌላው «አሉኝ» ትሆናለች። አንዱን ምረጡ፤ ሆን ተብሎ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ተራኪው ሕፃን ሳለ «አለችኝ» ካደገ በኋላ «አሉኝ» ካለ፣ አትንኩት። ምልልስም እንዲሁ ነው፤ የጎጃሙን ገበሬ እንደ ዜና አንባቢ አታናግሩት።

ዘመን ላይ በጣም ጠንቀቁ። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከአውሮፓው የሚያንሰው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ በ7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን በ8 ዓመት ነው። ከእንግሊዝኛ ምንጭ የጻፈ ደራሲ ሁልጊዜ 8 ይቀንሳል። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974 ነው፤ 8 የቀነሰ ሰው መስከረም 2 ቀን 1966 ብሎ ይጽፋል፤ ትክክሉ 1967 ነው። ዓድዋን «በ1896 ዓ.ም.» የሚል ረቂቅም አይጠፋም፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። ሰዓትም እንዲሁ በሁለቱ አቆጣጠር ይምታታል።

በሕይወት ያለ ሰው በስሙ ተጠቅሶ ሲከሰስ ብታገኙ፣ ዐረፍተ ነገሩን ከማለስለስ ይልቅ በኅዳጉ አመልክቱና ማስረጃ እንዳለው ጠይቁ፤ የሕግ ባለሙያ እንዲያየውም ምከሩ።

የኅዳግ ማስታወሻ የሚያነበው ሰው በዕድሜ አባታችሁ ሊሆን ይችላል። ፊት ለፊት ጋሼ ብላችሁት በኅዳግ «ግልጽ አይደለም!» አትበሉት። «ይህ ቢብራራ?»፣ «ይህን ዓመት ቢያረጋግጡልን?» ይበቃል። አልፎ አልፎ «ይህ አንቀጽ ግሩም ነው» ማለትም ሐሰት እስካልሆነ ድረስ ሥራ ያቀላል።

10. ፕሩፉን እዩ፣ ሒሳባችሁን ዝጉ

ረቂቁ ገጽ አቀናባሪ ጋ ገብቶ ሲወጣ ሌላ ስሕተት ይዞ ይወጣል፦ አራት ነጥብ በመስመር መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ርዕስ ከገጽ ግርጌ ብቻውን ይቀራል፣ የማውጫው ገጽ ቁጥር ይዛነፋል፣ የግርጌ ማስታወሻ ወደ ሌላ ገጽ ይሸሻል። ይህን ንባብ በወረቀት አድርጉት። በዚህ ደረጃ ዐረፍተ ነገር ማሳመር ክልክል ነው፤ አንድ መስመር ሲጨመር ከሥሩ ያለው ገጽ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። የሽፋኑን ጽሑፍና የመጽሐፉን ጎን አትዝለሉ፤ ሁሉም ሰው ሌላው አይቶታል ብሎ የሚያልፈው እሱን ነው። ደራሲው ስለ መጽሐፍ መለያ ቁጥር ከጠየቃችሁ፣ ወመዘክር እየተባለ ወደሚታወቀው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ምሩት።

ከግለሰብ ጋር ስትሠሩ ክፍያው በባንክ ቢገባ ይሻላል፤ መዝገብ ይሆናችኋል። ድርጅቶች ግን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ደረሰኝ ይጠይቃሉ፤ ከክፍያው ላይ ግብር ቀንሰው ሊያስቀሩም ይችላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ድርጅት ከመምጣቱ በፊት በወረዳችሁ የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ መለያ ቁጥሩን አውጡ፤ የትኛው የግብር ከፋይ ደረጃ ውስጥ እንደምትገቡና ምን መዝገብ መያዝ እንዳለባችሁም እዚያው ጠይቁ።

የታተመው መጽሐፍ ሲወጣ አንድ ቅጂ ተቀበሉ። በእርሳስ አንብቡት፤ ያመለጠ ስሕተት ይኖራል። ገጹንና መስመሩን ከአጻጻፍ ደንብ ወረቀቱ ጀርባ ላይ መዝግባችሁ ከንጹሑ ፋይል ጋር አስቀምጡ፤ ደራሲው ለሁለተኛ እትም ሲደውል በዝርዝሩ ትጀምራላችሁ።